በድሮ መኪና ዕቃ ላይ ፋብሪካው የቀባውን ምልክት ሳያጠፉ ማደስ

ጥያቄ፦ «ቨርጂኒያ ውስጥ የ1968 ፎርድ ሙስታንግ እያደስኩ ነው። ፕሮፔለር ሻፍቱን (ኃይል ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚያደርሰውን ቱቦ) አውርጄ ግራሶውን መጥረግ ስጀምር ከሥሩ ሁለት የቀለም ቀለበቶች ብቅ አሉ፤ አንዱ ቢጫ ነው፣ ሌላው ሮዝ ይመስላል። የፊት ሞላዎቹ ላይም የቀለም ነጠብጣብ አለ። ፋየርዎሉ (ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል የሚለየው ብረት) ላይ ደግሞ በቢጫ ክራዮን የተጻፈ ቁጥር አገኘሁ። ጋራዡ ሻፍቱንና ሞላዎቹን ሳንድብላስት አድርጎ (አሸዋ በግፊት ረጭቶ) ጥቁር ፓውደር ኮት (በምድጃ የሚበስል የዱቄት ቀለም) ሊያለብስልኝ ነው። ምልክቶቹን ማትረፍ ይቻላል? ወይስ ፎቶ አንስቼ በኋላ ደግሜ ልቀባቸው?»

መልስ፦ መጀመሪያ ጋራዡ ጋ ይደውሉና ሥራውን ያስቁሙ። ሳንድብላስት እንዲህ ያለውን ስስ ቀለም ለማንሳት ሰከንድ አይፈጅበትም። «በፕላስተር ሸፍኑልኝ» ቢሏቸውም የሚረጨው አሸዋ የፕላስተሩን ጠርዝ እያነሳ ይገባል። ከዚያ የተረፈ ቢኖር እንኳ ፓውደር ኮት ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ምድጃ ስለሚበስል የድሮውን ቀለም ያጠቁረዋል፣ ያሳብጠዋል። ደግሞም ፕሮፔለር ሻፍቱ ጥቁር መሆን የለበትም። በዚያ ዘመን ቱቦው ከፋብሪካ የወጣው ባዶ ብረት ሆኖ ነው፤ ቀለም የሚባል ነገር ያረፈበት እነዚያ ቀለበቶች ላይ ብቻ ነው።

ማትረፍ ይቻላል ወይ ለሚለው፣ አዎ፣ ሻፍቱንና ሞላውን በአብዛኛው ይቻላል፤ ፋየርዎሉ ግን የከበደ ነው፣ ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ። መመዘኛዬ ይህ ነው፦ ቀለሙ ምን እንደሆነና የት እንደጀመረ ማንበብ ከተቻለ፣ ቢላላጥም ቢደበዝዝም፣ አይቀባም። ደግሞ መቀባት የሚመጣው ከምልክቱ የቀረው ቁርጥራጭ ብቻ ሲሆን ወይም ብረቱ ከሥሩ ተበልቶ መታደስ ግድ ሲሆን ነው።

ምልክቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የሚያዙበትም መንገድ ይለያያል። ቀለበቶቹ መታወቂያ ናቸው። በመገጣጠሚያው መስመር ላይ እንደ ሞተሩና እንደ ካምቢዮው ዓይነት ርዝመታቸው የሚለያይ፣ በዓይን ግን የሚመሳሰሉ ሻፍቶች ይደረደሩ ነበር። ሠራተኛው ሜትር አያወጣም፤ የቀለሙን ዓይነትና ቅደም ተከተል አይቶ ያነሳል። ስለዚህ ቢጫው ወደ ካምቢዮው ነው ወይስ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚለው ራሱ መረጃ ነው። የሞላው ነጠብጣብም እንዲሁ ለየትኛው የሞተር ክብደትና ለየትኛው መሣሪያ እንደተመደበ ይናገራል። ከእነዚህ የተለየው የፍተሻ ምልክት ነው፤ ዳዶ ከጠበቀ በኋላ ተቆጣጣሪው ቀለም በነካ ብሩሽ ዳዶውንና አጠገቡ ያለውን ብረት በአንድ ላይ ይነካዋል። እርስዎ አልጠቀሱትም፤ ግን የፊት እግሩን ገና ካልፈቱ በመሪ ዘንግ ጫፎችና በሞላ ተሸካሚ ክንዶቹ ላይ አሁኑኑ ይፈልጉት። ቁልፍ ባሳረፉ ቅጽበት ይሰነጠቃል። የክራዮኑ ጽሑፍ ደግሞ ሠራተኞች ለራሳቸው የተዉት ማስታወሻ ነው።

ከሌላ መኪና ላይ አይቅዱ። የ1968 ሙስታንግ በሦስት ፋብሪካ ነው የተገጣጠመው፤ የሻሲ ቁጥሩ ሁለተኛ ፊደል ኤፍ ከሆነ ዲርቦርን (ሚሺጋን)፣ አር ከሆነ ሳን ሆዜ (ካሊፎርኒያ)፣ ቲ ከሆነ መታቸን (ኒው ጀርዚ) ነው። የምልክት አጣጣሉ በፋብሪካና በጊዜ ይለያያል። የሳን ሆዜ መኪና ላይ የታየ ቀለም የመታቸን መኪና ላይ ሲቀባ፣ የሚያውቅ ሰው ሻሲ ቁጥሩን አንብቦ ወዲያው ይለየዋል።

አሁን ወደ ሥራው። ምልክት በብዛት የሚጠፋው ዕቃው ሲጸዳ ነው፤ ቀቢው ጋ ከመድረሱ በፊት። ከግራሶ በታች ምን እንዳለ ሳይታወቅ ብሬክ ክሊነር ይረጫል፣ ስትራቾ ይታሻል፣ አለቀ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ምልክቱ በምን እንደተሠራ ይፈትሹ። ክራዮን ሰም ነው፤ ላምባም ሆነ አኳራጅ (ከነዳጅ የሚሠራው የቀለም ማቅጠኛ) ያሟሟዋል፣ ውኃ ግን አይነካውም። የማኅተም ቀለም ብዙ ጊዜ በአልኮል ይሄዳል። የብሩሽ ቀለም ላከር ከሆነ በአሴቶንና በናይትሮ ቲነር ይቀልጣል፤ ሲንቴቲክ ከሆነ ደግሞ አኳራጅን ይቋቋማል፣ አሴቶን ግን ያሳብጠዋል። ፈተናው ቀላል ነው። የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ይዘው ከማይታየው የምልክቱ ጠርዝ ላይ፣ የስንዴ ፍሬ በምታክል ቦታ፣ ከደካማው ወደ ጠንካራው ይሂዱ፦ በመጀመሪያ የተጣራ ውኃ፣ ቀጥሎ ግማሽ ሊትር የተጣራ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ቀጥሎ አልኮል፣ በመጨረሻ አኳራጅ። በየመካከሉ ቦታው ይድረቅ። ጥጡ ላይ የምልክቱ ቀለም ከወጣ እዚያው ይቁሙ፤ ለዚያ ምልክት ያንን ፈሳሽ አይጠቀሙም። አሴቶንና ብሬክ ክሊነር ከጠረጴዛው ይነሱ። ለጽዳት የሚጠቅሙበት ቦታ የለም።

ከማጽዳትዎ በፊት ይመዝግቡ፤ ካጸዱም በኋላ ይድገሙት። ፎቶውን በቀን ብርሃን፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ጥላ ውስጥ ያንሱ፤ ከዕቃው አጠገብ ማስመሪያና ነጭ ወረቀት ይኑር፣ ቀለሙ ሲዛባ በነጩ ይታረማል። አንድ ፎቶ ደግሞ መብራት ከጎን ዝቅ አድርገው ያንሱ፤ በፊት ለፊት ብርሃን የማይታየው የብሩሽ መስመርና የቀለም ውፍረት ያኔ ይወጣል። ከዚያ ልኬት። ዮኩ (ሹካ የመሰለው የሻፍቱ ጫፍ) ከቱቦው ጋር የተበየደበትን መስመር መነሻ አድርገው እስከ መጀመሪያው ቀለበት ጠርዝ፣ የቀለበቱን ስፋት፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ይጻፉ። ስፋቱን ቢያንስ አራት ቦታ ይለኩ፣ ምክንያቱም ቀለበቱ ወጥ አይሆንም፤ ሻፍቱ እየዞረ ብሩሽ ተደግኖበት የተቀባ ስለሆነ መነሻውና መድረሻው ይተላለፋሉ። ይህ መተላለፍ ከቱቦው የርዝመት ብየዳ መስመር አንጻር በስንት ሚሊሜትር ላይ እንደሆነም ይመዝግቡ። በመጨረሻ ግልጽ የፕላስቲክ ወረቀት ጠቅልለው ጠርዙን በቀጭን ቋሚ ማርከር ይከተሉ። ይህ ልክ በልክ የሆነ ቅጂ ነው፤ ፎቶ ቱቦ ላይ ያለን ነገር ያዛባል፣ የፕላስቲኩ ወረቀት አያዛባም።

ቀለሙን በዓይን ማመን ግን ያሳስታል። ሮዝ ይመስላል ያሉት የደበዘዘ ቀይ ሊሆን ይችላል፤ ነጭ ሃምሳ ዓመት ዘይት ሲጠጣ ክሬም ይሆናል፣ ሰማያዊ በቢጫ ዘይት ሥር አረንጓዴ ይመስላል። ለመለየት ከቀለበቱ ጠርዝ ላይ በቀዶ ጥገና ምላጭ የመርፌ ራስ የምታክል ፍርፋሪ አንስተው ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጠው በአጉሊ መነጽር ይዩት። ብረት ላይ ተጣብቆ የኖረው ፊት ብርሃን አላየም፣ ዘይትም ብዙ አልጠጣም፤ ትክክለኛው ቀለም እዚያ ነው። ያንን አርኤኤል ከተባለው፣ ቀለሞች በቁጥር ከተዘረዘሩበት ካርድ ጋር አስተያይተው ቁጥሩን ይጻፉ። አንድ ፍርፋሪ ከበቂ በላይ ነው፣ ለሁለተኛ እጅዎን አይስጡ።

ጽዳቱ በደረቅ ይጀምራል። ወፍራሙን ግራሶ በአይስክሬም እንጨት ወይም በቀርከሃ ስንጥር ገለጥ ገለጥ ያድርጉት፤ በብረት ነገር አይፋቁ። ከጠነከረ በፀጉር ማድረቂያ ለብ ያድርጉት፣ እጅ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። ቀጭኑ ሲቀር ፈተናውን ባለፈው ፈሳሽ ጥጡን አርሰው በሁለት ሴንቲሜትር ካሬ ያህል ቦታ ላይ ያንከባልሉ፤ አይሹ። ጥጥ አንዴ ከቆሸሸ ይጣል፣ ያለዚያ ያነሱትን ቆሻሻ መልሰው ይቀቡታል። የሙዚየም ባለሙያዎች ለእንዲህ ያለ ሥራ ምራቅ ይጠቀማሉ፤ ሳቅ ያመጣል እንጂ ከሳሙናው የሚሻልበት ጊዜ አለ። ውኃ የነካውን ብረት ሁሉ ወዲያው በፀጉር ማድረቂያ ያድርቁ፣ ባዶ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ቀይ ዝገት ያወጣል።

ቱቦውን ሲያጸዱ ጥቁር ሰማያዊ ወለል ካዩ እጅዎን ይሰብስቡ። ብረቱ በፋብሪካ ሲጠቀለል በሙቀት የተፈጠረ ቅርፊት ነው። የብርጭቆ ወረቀት አንዴ ካስኬዱበት ይነሳል፤ ከተነሳ ደግሞ የሚመልሰው ቀለም የለም። ብዙ ሻፍት «ንጹሕ» ተብሎ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ብር ብር የሚል ቱቦ ላይ የቀረ ቀለበት ከሌላ ዕቃ የተለጠፈ ይመስላል።

ዝገቱን በተመለከተ፣ ከአሲድ ነፃ የሆነውንና ዝገትን ብቻ የሚያሟሟውን ፈሳሽ ነው የምመክረው፤ ኢቫፖ ረስት የሚባለው ዓይነት። ዕቃውን መንከር አያስፈልግም። የወጥ ቤት ወረቀት በፈሳሹ አርሰው ዝገቱ ላይ ይለጥፉ፣ እንዳይደርቅ በፕላስቲክ ይጠቅልሉት፣ በየአራት ሰዓቱ ይዩት። ጋራዡ ከ18 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ ሥራው ይንቀራፈፋል። ከምልክቱ አምስት ሚሊሜትር ይራቁ። ቡናማ ቀይ የሆነው የድሮ ፕራይመር ቀለሙ ራሱ የብረት ኦክሳይድ ስለሆነ ይህ ፈሳሽ ሊበላው ይችላል፤ ስለዚህ ከወለሉ ሥር ያለው ቀይ ፕራይመር ላይ አያስነኩት። ያን ጥቁር ሰማያዊ ቅርፊትም ኦክሳይድ ነውና ሳያስፈልግ አያርሱት። ከምልክቱ ጠርዝ ጋር የተያያዘውን ዝገት በጥሩው ስቲል ዉል (ባለ አራት ዜሮው) በቀላል ዘይት አርሰው፣ ወይም በፋይበር ግላስ ብዕር፣ በጣት ጫፍ ጉልበት ብቻ ያንሱ።

ቢጫና ብርቱካናማ የድሮ ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ (ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት) አለበት። በደረቁ አይፈግፍጉ፣ ጓንት ያድርጉ፣ ፒ100 ማጣሪያ ያለው ጭምብል ይጠቀሙ፣ ጥጡንም ልጆች በማይደርሱበት ይጣሉ። በአሜሪካ ለሸማች የሚሸጥ ቀለም ላይ እርሳስ የተከለከለው በ1978 ነው፤ የእርስዎ መኪና ከዚያ አሥር ዓመት ይቀድማል።

ለሞላዎቹ ለየት ያለ ጥንቃቄ አለ፣ ይህኛው ከውበት አልፎ የደህንነት ጉዳይ ነው። ሞላ የጠነከረ ብረት ነው። አሲድ ውስጥ ሲነከር ወይም በባትሪ ቻርጀርና በሶዳ ዝገት ሲለቀቅለት ሃይድሮጂን ወደ ብረቱ ውስጥ ይገባል፤ ሞላው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሲሠራ ሊሰበር ይችላል። ይህን ሃይድሮጂን ለማስወጣት ዕቃው ከተነከረ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ምድጃ ገብቶ በ190 ዲግሪ አካባቢ ለረጅም ጊዜ መጋገር አለበት፣ ያ ደግሞ ምልክቱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሞላ ላይ ኮምጣጤ፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ፎስፎሪክ አሲድ፣ በኤሌክትሪክ ዝገት ማስለቀቅ፣ ሁሉም አይሞከርም። በእጅ ይጸዳል፣ ነጠብጣቡ ይቀራል፣ ዙሪያው ይቀባል። ሲቀቡ ፕላስተሩን በነጠብጣቡ ላይ አይለጥፉ፣ ሲያነሱት ይዞት ይመጣል። ፈሳሽ የጎማ ማስክም ያው ነው። ይልቅ ከወፍራም ወረቀት ከነጠብጣቡ ሁለት ሚሊሜትር የሚሰፋ ጋሻ ቆርጠው ከላዩ ከፍ አድርገው በሽቦ ያሥሩት፤ የሚረጨው ቀለም ጠርዙ ላይ ለስላሳ ሆኖ ያልቃል፣ መስመር አይሠራም። የቀረችውን ክፍተት በቀጭን ብሩሽ ይሙሉ።

ወደ ሻፍቱ ስንመለስ፣ መከላከያው የሚወሰነው መኪናው ምን ላይ እንደሚውል ነው። ጋራዥ ውስጥ ኖሮ ለትርዒት ብቻ የሚወጣ ከሆነ ማይክሮክሪስታሊን ሰም ሁለት ጊዜ በስሱ ቀብተው በዓመት አንዴ ያድሱ፤ ሰሙ ውስጥ አኳራጅ ስላለ በፈተናው አኳራጅን ላልቻለ ምልክት አይሆንም። ቨርጂኒያ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናልና መኪናውን የሚነዱት ከሆነ ግን ሰም አይበቃም፣ ማት የሆነ ግልጽ ቫርኒሽ ያስፈልጋል። የስፕሬይ ቫርኒሽ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አሴቶን አለ። በአንድ ጊዜ አርጥበው ከረጩ ቀለበቱ ተሟሙቶ ይፈሳል። ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ርቀው ጉም የመሰለ ስስ ርጭት ያሳልፉ፣ ሩብ ሰዓት ይጠብቁ፣ ይድገሙ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ርጭቶች ብረቱን ሙሉ በሙሉ እንዳይሸፍኑ። ሦስተኛው ላይ ይዝጉት። ሰም ቀድመው ቀብተው ከነበር በአኳራጅ ሳያነሱ ቫርኒሽ አይርጩ፣ አይዝም።

ቀለበቱ ከሥሩ በዝገት ተነስቶ እየተቀረፈ ከሆነ መጀመሪያ መጣበቅ አለበት። ለዚህ ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለውን ሙጫ፣ አምስት ግራሙን በመቶ ሚሊሊትር ሟሚ አሟሙተው፣ በቀጭን ብሩሽ ጠርዙን ነካ ያድርጉት፤ ራሱ ወደ ውስጥ ይሳባል። ሟሚው አሴቶን ወይም ቶሉይን ስለሆነ ቀለሙ ከሸሸ ይህ መንገድ ዝግ ነው፤ ያኔ ሰሙን ቀብተው በፀጉር ማድረቂያ ለብ በማድረግ ከቅርፊቱ ሥር እንዲገባ ያድርጉ፣ ቫርኒሹን ይተዉት።

ክሮቼራ (የሻፍቱን ጫፍ የሚያያይዘውን የመስቀል ቅርጽ መጋጠሚያ) የሚቀይሩ ከሆነ ሞርሳው ቀለበቱ ላይ እንዳያርፍ፣ መንጋጋው ላይም እንጨት ይኑር። ቱቦው ላይ በነጥብ ብየዳ የተጣበቁ ትናንሽ የብረት ቁራጮች የሚዛን ናቸው፣ አይነቀሉ። ሻፍቱ እንዴት ተገጥሞ እንደነበር ለማስታወስ የራስዎን ቀለም አይጨምሩበት። ካርድ ጽፈው በክር ያሥሩበት።

ደግሞ መቀባት ግድ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ ቫርኒሹ፣ በላዩ ምልክቱ። ሲንቴቲክ ቀለም ቀብተው በላዩ የላከር ቫርኒሽ ከረጩ ይጨማደዳል፤ ደግሞም በቫርኒሽ ላይ ያለ ምልክት ስሕተት ቢገኝበት ሊነሳ ይችላል። የምልክት ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበት ኢናሜል፣ ዋን ሾት ወይም መሰሉ፣ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ከቆርቆሮው ሲወጣ ግን በጣም ያበራል። በጥቂት ቡናማና በማት ማደብዘዣ ያደብዝዙት። ሻፍቱን በሁለት ቪ ቅርጽ ማቆሚያ ላይ አስቀምጠው አንድ ሰው በእጁ ያዙር፣ እርስዎ ብሩሹን በአንድ ቦታ ደግነው ይያዙ። አንድ ዙር ብቻ፤ መተላለፉን አያስተካክሉ፣ ቀጥ ያለ ፕላስተር የተደረገበት ጠርዝ ወዲያው ያሳብቃል። የሞላ ነጠብጣብ ከሆነ ድሮ ወደየት ፈስሶ እንደነበር ፎቶውን ይዩ፤ ቀለሙ ሲፈስ ዕቃው በየትኛው ጎኑ ቆሞ ወይም ተንጠልጥሎ እንደነበር ያሳያል፣ እርስዎም እንደዚያው አቁመው ይቅቡ።

ፋየርዎሉ ላይ ብረቱ ጤነኛ ከሆነ የምመክረው የሞተሩን ክፍል ጨርሶ እንዳይቀቡት ነው። ክራዮን ከሥሩ ሳይነካ ዙሪያውን መቀባት ይቻላል፣ ግን አራት ማዕዘን ሆኖ የቀረ የድሮ ቀለም ከሩቅ ይታያል። በውኃና ሳሙናው ብቻ ያጽዱ፤ ለመጠበቅ ውኃ ላይ የተሠራ ማት አክሪሊክ በኤርብራሽ ሦስት አራት ጊዜ በጉም ያሳልፉ። ሰም ላይ አጥብቆ ስለማይዝ ከዚያ በኋላ በጨርቅ አይነካም፣ የሞተር ማጠቢያም አይረጭም። አካሉ የግድ ከተቀባ ግን በፕላስቲኩ ወረቀት ይቅዱትና አዲሱ ቀለም ከበሰለ በኋላ በቢጫ የእንጨት መሥሪያ ቤት ክራዮን ይጻፉት። የእጅ ጽሑፉን አቅጣጫና ጫና ይከተሉ፤ አታስውቡት።

አዲስ አበባ ቮልስ የሚያድሱ አንባቢዎችም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በቮልስ ሞተር ፒስተን ራስ ላይ ያለው ሰማያዊ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ነጥብ ፒስተኑ ከየትኛው የሲሊንደር ልክ ጋር እንደሚጋጠም ያመለክታል፤ ቡናማና ግራጫ ነጥብ ደግሞ የክብደት መደቡን። አዲስ ስብስብ ገዝተው ሳጥኑን ሲከፍቱ በቤንዚን ከማጠብዎ በፊት ይመዝግቡት፤ ካርቦን ከያዘ በኋላ አይነበብም።

ሞላዎቹ ደክመው ከሆነና በአዲስ ከተቀየሩ ግን የድሮዎቹን ነጠብጣብ በአዲሶቹ ላይ አይቅዱ። የአዲሱ ሞላ ጥንካሬና ቁመት ከድሮው ጋር አንድ መሆኑ በልኬት ካልተረጋገጠ ምልክቱ የሌለ ነገር ይናገራል፤ ነገ መኪናውን የሚገዛው ሰው በዚያ ነጠብጣብ ተማምኖ ሌላ ሞላ ሊያዝ ይችላል። ድሮዎቹን በስሱ ዘይት ቀብተው፣ ካርዳቸውን አሥረው፣ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ።